ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ምን እንደታመመ እዩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ሳነብ ዓመታት አልፈዋል፤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው ስለ ኮምፒውተር ነው። ትናንት ደህና የነበረ፣ ዛሬ ድንገት የተንቀረፈፈ የቤት ኮምፒውተር። እኔ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው፤ ቢረዝምም እባካችሁ አትቁረጡብኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። ሥራዬ ትየባ ነው። መመረቂያ ጽሑፍ፣ ማመልከቻ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የመጣውን ሁሉ እተይባለሁ። ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ከፔዳም ከፖሊም፣ ተማሪዎች በእጅ የጻፉትን ይዘው ይመጣሉ። ሱቅ የለኝም። ሳሎኔ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ዴስክቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር አለኝ። ሁለት ልጆች ያሳደግሁት በዚህ ነው።

ኮምፒውተሩ የታመመው ባለፈው ኅዳር ነው። የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ቅዳሜ። ማታ እየሠራሁ ሳለ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ። ጠዋት ሳበራው የዊንዶውስ ምልክት ላይ ቆመ። ነጠብጣቦቹ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ አይገባም። ቡናዬን ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ አፍልቼ አቦሉን ስቀዳ ነው የገባው። ከገባ በኋላ ደግሞ ወርድ ለመክፈት ሌላ ጥበቃ። ፊደል ስመታ ፊደሉ የሚወጣው እጄን ካነሳሁ በኋላ ቆይቶ ነው። አማርኛ ስትተይቡ ለአንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለቴ መምታት አለባችሁ፤ የመጀመሪያው ሳይወጣ ሁለተኛውን ስትመቱ "ለ" ያላችሁት "ል" ሆኖ ይቀራል። አንድ ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ማውሱን በቀኝ እየተጫንኩ ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ አልኩት። ይህን ሁላችንም እናደርገዋለን። አሁን እንደገባኝ ሪፍሬሽ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ምልክቶች እንደገና ከመሳል በቀር ኮምፒውተሩን ለማፍጠን የሚያደርገው አንዳች ነገር የለም።

ሰኞ ዕለት ሲፒዩውን (ሳጥኑን ማለቴ ነው፣ ሁላችንም ሲፒዩ ነው የምንለው) በጋቢ ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አዲሱን ድልድይ ተሻግሬ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። የቤቱን ስም አልጽፍም። ልጁ አላበራውም፣ አልከፈተውም። የምነግረውን እንኳ ሳይጨርስ "እናት፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው፤ ቫይረስ በልቶታል። ሐይቁ አጠገብ ስለሚኖሩ አየሩም አለበት" አለኝ። ፎርማት ማለት ዲስኩን ደምስሶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው።

"ፋይሎቼስ?" አልኩት።

"ዲ ላይ ያለው አይነካም። አይዞዎት።" ዲስኬ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ሲ ላይ ዊንዶውሱ፣ ዲ ላይ ፋይሎቼ።

400 ብር ከፈልኩ። ረቡዕ አመጣሁት። ቤት ገብቼ ሳበራው ዲ የሚባል ነገር ራሱ የለም። ሲ ብቻ። ስልክ ደወልኩ። "ፓርቲሽኑ ስላስቸገረኝ አንድ ላይ አደረግሁት፣ ባክአፕ የለዎትም እንዴ?" አለኝ።

የተማሪዎቹ ሥራ በየፍላሻቸውና በጂሜሌ ላይ ስለነበር እግዚአብሔር ይመስገን አልጠፋም። የጠፋው የእኔው ነው። አባቴ የዘጌ ሰው ነበር፣ ባለ ቡና። ካረፈ አምስት ዓመቱ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ከስድስት መቶ በላይ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ድምፁንም ቀድቼ ነበር፤ በልጅነቱ ማገዶና ቡና በታንኳ ጭነው ወደ ባሕር ዳር ሲመጡ ሌሊት ሐይቁ ላይ ምን ይባባሉ እንደነበር፣ ማዕበል ሲነሳ የትኛው ዳርቻ እንደሚጠጉ የነገረኝን ሁሉ። ይህ ሁሉ ዲ ላይ ነበር።

ኮምፒውተሩስ ተሻለው? ሦስት ቀን ደህና መሰለ። በአራተኛው ቀን ያው ሆነ። እንዲያውም ባሰበት።

እዚህ ላይ ነው የእህቴ ልጅ የመጣው። ፖሊ ሦስተኛ ዓመት ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ምሳ ሊበላ ጎራ ብሎ ጠረጴዛው ላይ እንባዬን አየ። ሳይበላ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"አክስቴ፣ ፎርማት ከማድረጋቸው በፊት ታስክ ማናጀር ከፍተው አሳዩሽ?"

"ምንድን ነው እሱ?" አልኩት። አሥራ አንድ ዓመት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ አንድም ሰው አሳይቶኝ አያውቅም።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። በቃ ይኸው ነው። አንድ መስኮት ይከፈታል። ትንሽ ሆኖ ከመጣ ከታች ተጨማሪ ዝርዝር የሚለውን መጫን ነው። ከላይ ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ፣ ኔትወርክ የሚሉ ዓምዶች አሉ፤ በየራሳቸው ላይ በመቶኛ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። የእኔ ሲፒዩ 4፣ ሜሞሪ 58፣ ዲስክ 100 ይላል። የዲስኩ ዓምድ ቀይ ሆኗል። ምንም ፕሮግራም አልከፈትኩም፤ ዲስኩ ግን መቶ በመቶ ተይዟል።

ልጁ እንዲገባኝ ብሎ በእንጀራ አስረዳኝ፤ እኔም ለእናንተ እንደሱ ልንገራችሁ። ፕሮሰሰሩ (መስኮቱ ሲፒዩ የሚለው፣ ሳጥኑን አይደለም) ምጣዱ ነው። ራሙ (ሜሞሪ የተባለው) ምጣዱ አጠገብ ያለው የሊጥ ዕቃ ነው፤ ቶሎ የሚፈለገው እዚያ ይቀመጣል። ሃርድ ዲስኩ ጎተራው ነው፤ ሁሉ ነገር የሚከማችበት። የእኔ ቤት ምጣዱ ግሏል፣ የሊጥ ዕቃውም ቦታ አለው፤ ከጎተራ የሚያመጣው ሰው ግን እግሩን ታሟል። ስለዚህ ምጣዱ ባዶውን ይጠብቃል። አንዱ ሻጭ ስልክ ላይ "ራም ጨምሪ" ብሎኝ ነበር። ብጨምር ኖሮ ገንዘቤን ነበር የምጨርሰው፤ ሜሞሪው 58 ላይ ነዋ፣ ቦታ መች አነሰው።

ከዚያ ፐርፎርማንስ የሚለውን ከፍቶ ዲስኩን ብቻ አሳየኝ። ዲስኩ ለአንድ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሚፈጅበት ጊዜ ተጽፏል። ጤነኛ ሃርድ ዲስክ ላይ አሥር ሃያ ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ነው። የእኔ 6,000 አካባቢ ይዋልል ነበር። ስድስት ሰከንድ ማለት ነው፣ ለአንድ ጥያቄ! "ጆሮሽን ሳጥኑ ላይ አድርጊ" አለኝ። አደረግሁ። ቀጭ... ቀጭ... ትንሽ ዝም... ቀጭ። ያንን ድምፅ ለሳምንታት ስሰማው የፋኑ ይመስለኝ ነበር።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ እንደ ምጣድ ክብ የሆነ ሳህን አለ። በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። ከላዩ ላይ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት የሚንሳፈፍ ማንበቢያ አለ። ሳህኑ ላይ አንድ ቦታ ሲበላሽ ዲስኩ "አልቻልኩም" ብሎ ወዲያው አይመልስም። ደግሞ ይሞክራል። ደግሞ ይሞክራል። በዚህ መሃል የቀረው ሥራ ሁሉ ተሰልፎ ይቆያል። ድንገት የሚመጣው መንቀርፈፍ እንዲህ ነው የሚፈጠረው። እየተጻፈበት ሳለ መብራት ድርግም ማለቱ ደግሞ ያረጀ ዲስክን አይምርም። እና ፎርማት ምን ያደርግለታል? ምንም። እንዲያውም ያንን የታመመ ዲስክ ገልብጦ፣ ደምስሶ፣ እንደገና ጽፎ ነው ያደከመው። የታንኳ ደንገል ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ጭነቱን ሐይቅ ውስጥ ብትጥለው ደንገሉ አይደርቅም።

ስለ ሐይቁ አየርም ጠየቅሁት፤ ጥገና ቤቱ ያለኝ ነገር ከልቤ አልወጣም ነበርና። የዲስኩ ማንበቢያ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ችግር ሊኖር ይችላል፤ ግን ብዙዎቹ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ እንዲሠሩ ተደርገው ነው የሚወጡት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ናት። ሐይቁ ምንም አልበደለኝም።

የዲስክን ጤና የሚያሳይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዲስኩ ራሱ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን ነው የሚያነበው። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። የእኔ ቢጫ ሆኖ መጣ፤ የተበላሹ ቦታዎች ብዛትም ተጽፎ ነበር። ጠቅላላ ምርመራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አምስት ደቂቃ! ያ ጥገና ቤት ሰኞ ዕለት ይህንን አምስት ደቂቃ ቢሰጠኝ ኖሮ የአባቴ ድምፅ ዛሬ በእጄ ነበር።

ኤስኤስዲ የሚባል ሌላ ዓይነት ዲስክ ገዛሁ። የሚሽከረከር ነገር የለውም። የድሮው ዲስክ ጤነኛ ሳለ በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት ገደማ ያነብ ነበር፤ ይሄኛው 500 ይደርሳል። ራሙ ያው 4 ጊጋ፣ ፕሮሰሰሩ ያው የድሮው ነው። አሁን ሲበራ ወንበሬን ስቤ ሳልቀመጥ ይገባል። ዋጋው ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር አይወዳደርም።

ግን እባካችሁ "ኤስኤስዲ ግዙ ብላለች" ተብሎ እንዳይወሰድብኝ። ከዚያ ወዲህ የጎረቤትና የተማሪ ኮምፒውተር ሲያስቸግር እኔ ጋ ይመጣል፣ ታስክ ማናጀሩን እከፍታለሁ፣ በየቤቱ ያለው በሽታ ለየቅል ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፕ ከሰዓት ከሰዓት ብቻ ነበር የሚንቀረፈፈው። ጠዋት ደህና ነው። መጋቢት ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ልጁ አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ ነው የሚሠራው፤ አየር የሚገባበት ከታች ነው። ፕሮሰሰር በጣም ሲግል፣ 100 ዲግሪ ሲጠጋ፣ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የእህቴ ልጅ ሲከፍተው ፋኑ አጠገብ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮ፣ መሃሉ ላይ የሐይቁ ትንኝ ደርቆ ይታይ ነበር፤ ማታ መብራት አይቶ የሚመጣው ያ ትንንሹ። በብሩሽ ተጠረገ። ጠረጴዛ ላይ አድርጎ እንዲሠራ ተነገረው። ሌላ ምንም አልተደረገለትም።

አንዷ የፔዳ ተማሪ ደግሞ መመረቂያ ጽሑፏን ልታስገባ አራት ቀን ሲቀራት መጣች። ላፕቶፑ ዝም ብሎ ተቀምጦ ፋኑ ይጮሃል። ታስክ ማናጀር ስንከፍት ይረጋጋል። ስንዘጋው ይጮሃል። ይህን እንድታስተውሉልኝ ነው። የሰው ኮምፒውተር ተጠቅመው ለሌላ ሰው የዲጂታል ገንዘብ የሚቆፍሩ ድብቅ ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዳንዶቹ ታስክ ማናጀር ሲከፈት የሚደበቁ ናቸው። ዊንዶውሱን በነፃ ያነቃልሻል ተብላ ከሰው ፍላሽ የወሰደችው ክራክ (ያለ ክፍያ መክፈቻ ፕሮግራም) ውስጥ ነበር የገባው። አንቲቫይረሱን አጥፊው ብሏት አጥፍታዋለች። እሷ ላይ ፎርማት ተገቢ ነበር፤ ግን መጀመሪያ ጽሑፏን በሌላ ዲስክ ገለበጥን፣ ከፍተን አየን፣ ከዚያ ነው የተፎረመተው።

ፍላሽ ካነሳሁ አይቀር ሾርትከት ቫይረስን ልናገር። ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ሰጥታችሁ ስትመለሱ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት (ትንሽ ቀስት ያለበት አቋራጭ ምልክት) ሆነው ካገኛችሁ አትክፈቱት፣ ፍላሹንም አትፎርምቱት። ፋይላችሁ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተደብቆ ነው ያለው። የተደበቀ ፋይል አሳይ የሚለውን ብታበሩ፣ ካልታየም የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ብታጠፉ፣ በደብዛዛው ይወጣል። ስንቱ ተማሪ ጠፋ ብሎ አጥፍቶታል መሰላችሁ።

ሌላው የቴሌግራም ነገር ነው። አንድ የሰፈራችን አስተማሪ "ቫይረስ ነው" ብለው መጡ። ሲ ድራይቭ ቀይ ሆኗል። ሊሞላ የቀረው ከአንድ ጊጋ በታች ነው። የቴሌግራም ማውረጃ ፎልደሩን ስንከፍት የተከታታይ ፊልም ክፍሎች፣ ስብከት፣ የስብሰባ ቪዲዮ፣ አንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ። ዊንዶውስ ሲሠራ መተንፈሻ ቦታ ይፈልጋል። ወደ ውጭ ዲስክ አዛወርንላቸው። እንዲሁም ለወራት ሳይበራ የቆየ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ሲያገኝ ያመለጠውን አፕዴት ሁሉ ያወርዳል፤ ለአንድ ሁለት ሰዓት ይንቀረፈፋል። እሱ በሽታ አይደለም። እንደበራ ተዉት።

አንድ ወሬ ደግሞ አለ። "ዊንዶውስ 10 አብቅቷል፣ ለዚህ ነው የተንቀረፈፈው፣ አዲስ ግዙ" የሚል። እውነት ነው፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ያ ማለት የደህንነት ማሻሻያ እንደ ድሮው ለሁሉም በራሱ በየወሩ መምጣቱ ቀረ ማለት ነው፤ ለሰርጎ ገብ ያጋልጣል፤ ቀላል ነገር አይደለም። ፍጥነትን ግን አይቀንስም። ኮምፒውተራችሁ ጥቅምት 3 እና ጥቅምት 5 ላይ ያው ኮምፒውተር ነው። በዚህ ምክንያት ተንቀረፈፈ የሚላችሁን ሰው ታስክ ማናጀሩን ከፍተህ አሳየኝ በሉት።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። የጥገና ባለሙያዎችን የምወቅሰው ሥራቸውን ንቄ አይደለም። አብዛኞቹ ልጆቻችን ናቸው፣ በዚህ ነው የሚኖሩት፣ ጎበዞችም አሉ። ፎርማት ፈጣን ሥራ ነው፣ ሰውም የሚጠይቀው እሱን ነው፣ ይገባኛል። ግን ሰው ኮምፒውተሩን ሲያመጣላችሁ መጀመሪያ አብሩት። ፊት ለፊቱ ያንን መስኮት ክፈቱና የቱ ዓምድ እንደቀላ አሳዩት። የዲስኩን ጤና እዩ። ፎርማት የግድ ከሆነ "ምን አለህ ውስጡ?" በሉትና ገልብጡለት፤ ለመገልበጫውም አስከፍሉት፣ ደስ ብሎት ይከፍላል። እኔ በእጥፍ እከፍል ነበር። "አይነካም" ካላችሁ ደግሞ አትንኩ። ዲስክ ከቀየራችሁም የድሮውን ለባለቤቱ መልሱ።

አዘጋጆቹን የምለምነው ደግሞ ለእንዲህ ያለ ነገር በሳምንት አንድ ጥግ እንድትሰጡን ነው። የሞባይልና የኮምፒውተር ማስታወቂያ እናነባለን፤ ቤታችን ያለውን እንዴት እንደምንይዝ ግን የሚነግረን የለም። ከተማዋ ውስጥ እነዚህን ነገሮች ጠንቅቀው የሚያውቁ መምህራንና ተማሪዎች ሞልተዋል። ጠይቋቸው፣ ይጽፉላችኋል።

የአባቴን ነገር ልጨርስ። የእህቴ ልጅ የታመመውን ዲስክ አውጥቶ፣ መጀመሪያ ያለውን እንዳለ በሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠው። ሁለት ሌሊት ፈጀ። ከዚያ ቅጂው ላይ ፍለጋ አደረገ። 41 ፎቶ ተገኘ። በአንዱ ላይ አባቴ ዘጌ ዳርቻ ቆሞ ታንኳ እንዲደርቅ ወደ ላይ አቁሞ ይዟል፤ ፊቱና እጁ ይታያል፣ ከወገቡ በታች ፎቶው ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። ድምፁ አልተገኘም። ዲስኩን ከዚያ ወዲህ አላበራንም፤ በበራ ቁጥር ይብስበታል ተብያለሁ። በነጠላ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ከተበላሸ ዲስክ ላይ ፋይል የሚያወጣ፣ እውነተኛ መሣሪያ ያለው ሰው እዚህም ሆነ አዲስ አበባ የምታውቁ ከሆነ፣ እባካችሁ በጋዜጣችሁ ላይ ጻፉልኝ። ይዤው እመጣለሁ።

አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ